መልስ፦ አንዱ ዕቃ ሲቆም ሰንሰለቱ ለምን አይቆምም?

ሰላም ወንድሜ። ፋብሪካው ውስጥ ቀለም መቀቢያው ጋ ከላይ ተንጠልጥለው ከሚሄዱት ዕቃዎች አንዱ ሲቆም ሌሎቹ እንዴት እንደሚቀጥሉ ጠይቀሃል። ማጓጓዣው ሁለት ሐዲድ ስላለው ነው።

በላይኛው ሐዲድ ሰንሰለቱ በሞተር እየተጎተተ ሁሌም ይዞራል። ዕቃው ግን የተንጠለጠለው በታችኛው ሐዲድ ላይ በምትሽከረከር ጋሪ ነው። ጋሪዋ ከሰንሰለቱ ጋር አልታሰረችም። ከሰንሰለቱ ወደ ታች የወጣ ጥርስ ነው የሚገፋት። ማቆሚያው ጋ ስትደርስ ጥርሱ የሚገፋው መያዣዋ ዝቅ ይላል፤ ጥርሱም አልፏት ይሄዳል። ተከታይዋ ጋሪ መጥታ የቆመችዋን ስትነካ እሷም እንዲሁ ከጥርሱ ተላቃ ትቆማለች። የታክሲ ሰልፍ በለው።

ርካሹ ዓይነት ባለ አንድ ሐዲድ ነው። ዕቃው ሰንሰለቱ ላይ ስለሚንጠለጠል አንዱን ለማቆም ሁሉም ይቆማል።

በነገራችን ላይ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ስትቀቡ አታብዙ። አንዲት ጠብታ ቀለሙ ላይ ካረፈች ጉድ ነው፣ እንደገና መቀባት ነው!