ሕጋችን ዘመዶች አሉት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ሕግ ለምትማሩና ሥራውን ገና ለጀመራችሁ ነው።

ጥብቅና በጀመርኩ ሰሞን አንድ የቤት ክርክር ያዝኩ። ከሳሹ ከዚያ በፊት “ቤቱን ገዝቼዋለሁ” ብሎ ተከራክሮ ተረቷል። አሁን ደግሞ “በውርስ ያገኘሁት ነው” ብሎ ያንኑ ደንበኛዬን ዳግም ከሰሰ። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 5 ፍርድ ያረፈበት ጉዳይ እንደገና አይታይም ይላል። ንዑስ አንቀጽ 2 ግን አልገባ አለኝ። በፊተኛው ክርክር ሊነሳ ይችልና ይገባ የነበረ ነገር እንደተነሳ ይቆጠራል ነው የሚለው። ያልተነሳ ነገር እንዴት ተነሳ ይባላል?

አንድ አንጋፋ ጠበቃ ወፍራም የህንድ ሕግ ማብራሪያ አውሰውኝ “እዚህ ውስጥ ፈልገው” አሉኝ። ግራ ገባኝ። ህንድን ምን አመጣት?

የ1958ቱ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ብዙ ነገሩን የወሰደው እ.ኤ.አ. ከ1908ቱ የህንድ ሕግ መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው። የእነሱ ክፍል 11 የእኛ አንቀጽ 5 ታላቅ ወንድም ነው። ህንዶች ለብዙ ዓመታት ተከራክረውበታል፣ ምክንያቱንም አፍታተው ጽፈውታል። ተከራካሪ አንዱን ምክንያት ዛሬ አውጥቶ ሌላውን ለነገ እንዳይደብቅ ነው። አለዚያማ ክርክር መቼ ያልቃል? የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዬን፣ ማለትም ዋናው ጉዳይ ከመታየቱ በፊት የሚቀርበውን ተቃውሞ፣ በዚሁ መልክ አቀረብኩ። ፍርድ ቤቱም ተቀበለው።

ሌሎቹ ሕጎቻችንም ዘመድ አላቸው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የ1949ኙን የወንጀለኛ መቅጫ ደግሞ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን። ስለዚህ አንድ አንቀጽ ሲጨልምባችሁ ከአማርኛው ጋር ብቻ አትታገሉ። ከየት መጣ? እዚያስ የትኛውን ችግር ሊፈታ ነበር? ብላችሁ ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እዚያ ስለሠራ ብቻ እዚህም ይሠራል አትበሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3347 በሕጉ የተሸፈኑ ጉዳዮችን የሚመለከቱ ልማዶችን ባንዴ ሻረ። ሰዉ ግን ሽማግሌ መጥራቱን አልተወም። ወሰን ሲገፋ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ዛሬም መጀመሪያ የሚታሰበው ሽማግሌ ነው። ሕጋችንን ከፓሪስ ጋር የምታስተያዩ ከሆነ ከጉራጌው ባህላዊ ሕግ ከየጆካ ቂጫ ጋርም አስተያዩት። ይህን ችላ ማለታችን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ለጀማሪ የሚቀለው የሥነ ሥርዓት ሕጉ ነው። ዛሬ ማታ ክፍል 11ንና አንቀጽ 5ን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ አንብቡ። የህንዱን ሕግ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ታገኙታላችሁ። እኔ ያን መጽሐፍ የተዋስኩት ለሦስት ቀን ብቻ ነበር፤ የሚያስፈልገኝን በእጄ ገልብጬ ነው የመለስኩት።