ተሰርቆ የተመለሰ መኪና ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል፦ ኮምፒውተሩን እንዳትቀይር

አንድ አንባቢ ጽፎልኛል። መኪናውን ማታ ከደጃፉ ወሰዱበት፣ አላርም ነበረው ግን አልጮኸም፣ በአራተኛው ቀን ፖሊስ ጭር ያለ መንገድ ዳር ቆሞ አግኝቶ መለሰለት። ኮንታክቱ፣ ቁልፍ ገብቶ የሚዞርበት ማለት ነው፣ ተሰብሮ ስለነበር ጋራዥ ወስዶ አዲስ ኮንታክት ከነቁልፉ አስገጠመ። አሁን ሞተሩ ይነሳና ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላው ይጠፋል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የቁልፍ ምልክት ያላት መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስቶ እስከ ማታ ይሠራል። ጋራዡ "ሌቦቹ የሞተሩን ኮምፒውተር አቃጥለውታል፣ ይቀየር" ብሎታል። መኪናውን ሲገዛ የተሰጠው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፣ አላርሙን ያስገጠመው የድሮው ባለቤት ነው፣ በሪሞት ሞተር የሚያስነሳ ዓይነት። እንዴት ወሰዱት፣ ምን ልጠግን፣ በስልክ ሞተር የሚያጠፋ ጂፒኤስ ላስገጥም ወይ፣ ፖሊስስ ከዚህ በኋላ ምን ያደርግልኛል ነው የሚለው።

ወንድሜ፣ ኮምፒውተሩን አትንካው። የተቃጠለ ኮምፒውተር ደስ ሲለው ተነስቶ እስከ ማታ አይሠራም። እኔ እንደውም "አንድ ቁልፍ" እና "በሪሞት የሚነሳ" የሚሉት ቃላት ላይ ስደርስ የቀረውን ማንበብ ሁሉ አላስፈለገኝም ነበር። ሁለተኛው ቁልፍህ አልጠፋም፣ ቺፑ ዳሽቦርድህ ውስጥ ተለጥፎ ነው ያለው፣ ሌባውም መኪናውን የወሰደብህ በሱ ነው። እርግጠኛ ነህ ወይ ካልከኝ ሳላየው መቶ በመቶ አልልህም፣ ግን ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ።

ይቺን ትንሽ ላስረዳህ፣ ሥራዬ ውስጥ በጣም የምወዳት ነገር ስለሆነች ታገሰኝ። የቁልፉ ብረት የሚያዞረው ኮንታክቱን ብቻ ነው። ሞተሩ መሥራት እንዲቀጥል የሚፈቅደው ቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ የተቀበረው ትንሽዬ ቺፕ ነው፣ ባትሪ የለውም፣ የምታውቀው ባትሪ የበሩ ሪሞት ነው እንጂ የሱ አይደለም። ኮንታክቱ አፍ ዙሪያ ደግሞ ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት ቀለበት አለ። ቁልፉን ስታዞር ቀለበቱ ላይ በሴኮንድ 125 ሺህ ጊዜ አካባቢ የሚገለባበጥ ከረንት ይሄዳል፣ እሱ በቺፑ ውስጥ ባለችው ጥቅል ላይ ትንሽ ከረንት ይፈጥራል፣ ልክ እንደ ትራንስፎርመር ማለት ነው ሁለት ጥቅል ሳይነካካ፣ ቺፑ በዛች ከረንት ይነቃና ቁጥሩን ይናገራል። ዘመናዊዎቹ ላይ ደግሞ መኪናው በየጊዜው የተለየ ጥያቄ ይልካል፣ ቺፑ በምስጢር ቀመር አስልቶ ይመልሳል፣ ስለዚህ የትናንቱን መልስ ቀድተህ ዛሬ ብታሰማው አይሠራም። ይሄ ሁሉ የሚሆነው በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ነው፣ ትንሽ ራቅ ካለ አይሰማማም፣ ሁለት ቺፕ ቀለበቱ አጠገብ ከሆኑም አንድ ላይ ስለሚያወሩ ኮምፒውተሩ አንዱንም ላይሰማ ይችላል። ብዙ መኪና ላይ ኮምፒውተሩ መልሱን እስኪያጣራ ሞተሩን ያስነሳዋል፣ መልስ ካጣ ግን ነዳጁን ይዘጋል። ያንተ ሁለት ሴኮንድ ማለት እሷ ናት። ኮምፒውተርህ ተበላሽቶ ሳይሆን ሥራውን እየሠራ፣ "አላውቅህም" እያለህ ነው።

ይሄ ኢሞቢላይዘር የሚባለው ነው። አውሮፓ ውስጥ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ መኪና ግዴታ ሆኗል። አለመኖሩ ምን እንደሚያመጣ ማየት ከፈለግህ አሜሪካ ከ2011 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. ሞዴል ብዙ ሂዩንዳይና ኪያ ያለሱ ተሸጠው ልጆች ኮንታክቱን ሰብረው በዩኤስቢ ገመድ ጫፍ እያዞሩ ሲወስዱት ነበር።

አሁን ወደ ያንተ። በሪሞት ሞተር ስታስነሳ ኮንታክቱ ውስጥ ቁልፍ የለም፣ ስለዚህ ቺፕ ያስፈልጋል። ደንበኛው አገጣጠም ቺፑ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ሪሞቱ ሲጫን ብቻ በሪሌ (በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ከቀለበቱ ጋር የሚገናኝበት ነው። የርካሽ አላርም ገጣሚ ግን ምን ያደርጋል፣ ሳጥኑን ላለመግዛት ሁለተኛውን ቁልፍ ይሰብርና ቺፑን አውጥቶ ቀለበቱ ጀርባ በናስትሮ ለጥፎት ይሄዳል። እኔ አንዱን በማስቲካ ተለጥፎ አግኝቼዋለሁ፣ የታኘከ ማስቲካ። ከዛን ቀን ጀምሮ መኪናው ሁልጊዜ ቁልፍ እንደገባበት ያህል ነው፣ ኮንታክቱን በካቻቪቴ ሰብሮ ያዞረ ሁሉ ይዞት ይሄዳል። አላርሙ ያልጮኸውም አያስገርምም፣ የራሱ ባትሪ የሌለው ሲረና ነው የሚሆነው፣ ሽቦዋን ከቆረጡ አለቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፣ ያንተ ውሻ እንደውም ጅቡ ከሄደም በኋላ አልጮኸም። ጋራዡ ኮንታክቱን ሲቀይር ቺፑ ከናስትሮው ላልቶ ይሆናል፣ አዲሱ ቁልፍ ደግሞ ቺፕ የለውም፣ ስለዚህ ቺፑ ተንገጫግጮ ወደ ቀለበቱ የተጠጋ ቀን ትነሳለህ፣ የራቀ ቀን ትቆማለህ።

ምንም ነገር ሳትከፍት የምትሞክረው አለ። የድሮው ቁልፍህ እጅህ ላይ ነው አይደል። ራሱን፣ ፕላስቲኩን ማለቴ ነው፣ ኮንታክቱ አፍ ላይ አስጠግተህ ያዝና በአዲሱ ቁልፍ አስነሳ። ተነስቶ ከቆየ ነገሩ አለቀ። ባይነሳም ተስፋ አትቁረጥ፣ ሁለቱ ቺፖች እየተጋጩ ሊሆን ይችላል፣ የተለጠፈውን ካወጣህ በኋላ ድገመው። ያኔም ካልተነሳ የቀለበቱን ሁለት ሽቦ ነቅለህ በኤሌክትሪክ መለኪያው፣ በቴስተር ለካ፣ ተቆርጦ ከሆነ ቀለበቱ ይቀየራል፣ ከኮምፒውተር ጋር አይወዳደርም ዋጋው።

ከመክፈትህ በፊት ግን ፖሊስ መርምሮ ጨርሷል ወይ ብለህ ጠይቅ። የተሰበረውን ኮንታክት ጋራዡ ካልጣለው ተቀበለው፣ መቀመጫ ስር የማታውቀው ካቻቪቴ ወይ ጓንት ካገኘህ በባዶ እጅህ አታንሳው፣ ፎቶ አንስተህ ደውልላቸው። ከዛ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ አስር ደቂቃ ያህል ጠብቅ፣ ከመሪው ስር ያለውን ፕላስቲክ ክፈት። ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባግ ነው፣ በቴስተርም አትንካው። ከፋብሪካው ያልመጣ ሽቦ ወዲያው ይታወቅሃል፣ ቀለሙ አንድ ዓይነት፣ ተጠምዝዞ በናስትሮ የተጠቀለለ፣ ናስትሮው በሙቀት ቀልጦ እጅህ ላይ የሚጣበቅ። ቺፑን አውጣና አዲሱ ቁልፍ ውስጥ አስገባው። አላርሙን በሙሉ አስነቅለው እንጂ ግማሹን ቆርጠህ አትተው፣ የተቆራረጡትን የፋብሪካ ሽቦዎች በሶልደር አገናኝተህ በሙቀት የሚጠብ ላስቲክ አልብሳቸው።

ቀጥሎ የመኪና ኮምፒውተር የሚያነብ ስካነር ያለው ሰው ጋ ሂድና ስንት ቁልፍ ተመዝግቧል በለው፣ ብዙ መኪና ላይ ቁጥሩ ይወጣል። ሁለት ሊሆን ይገባል፣ አንዱ ያንተ አንዱ የተለጠፈው። ሦስት ወይ አራት ካለ አንድ ሰው ቁልፍህን ይዞ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ያም ሆነ ይህ ሁሉንም አስጠፍተህ እጅህ ላይ ያሉትን ሁለቱን ብቻ እንደገና አስመዝግብ። ይሄን ችላ አትበል፣ ምክንያቱም ጭር ያለ መንገድ ላይ ቆሞ መገኘቱ ሌቦቹ ጥለውት ሄደዋል ማለት ላይሆን ይችላል። የተሰረቀ መኪና ጂፒኤስ ካለው ባለቤቱ ወይ ፖሊስ ይመጣል ብለው አንድ ሁለት ቀን አቁመው ከሩቅ የሚያዩ አሉ፣ የወሰዱበትን ቤትህን ደግሞ ያውቁታል።

በስልክ ሞተር የሚያጠፋውን ጂፒኤስ ግን እባክህ አታስገጥም። መኪናው እየሄደ ሞተር የሚቆርጥ ነገር አታስገጥም። ሞተር ሲጠፋ መሪው ድንጋይ ይሆናል፣ ፍሬኑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ይጠነክራል፣ ሌባ ነው ብለህ አትፈንድቅ፣ ከፊቱ የሚሻገረው ሰው ሌባ አይደለም። ደግሞ የሚሸጡት ሪሌ እንደ ወረቀት የቀለለ ነው፣ ሌባ ሳይኖር አንተው ቁልቁለት ላይ ልጆችህን ይዘህ እያለህ ይቆርጥብሃል። አንድ ደንበኛዬ እንደዛ ሆኖ በእጅ ፍሬን ነው የተረፈው፣ ሪሌውን ስከፍተው እግሩ ጠቁሮ ፕላስቲኩ ቀልጦ ነበር፣ በዛ ላይ ገጣሚው የነዳጅ ፓምፑን ወፍራም ሽቦ ነበር በሱ ያሳለፈው። መከልከል ከፈለግህ ማስነሳቱን ከልክል፦ የሞተሪኖውን (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን) ሪሌ የምትቀሰቅሰዋን ቀጭን ሽቦ ቆርጠህ በተደበቀ ማብሪያ ማጥፊያ አሳልፋት። የምትሸከመው ከግማሽ አምፔር በታች ነው፣ ደህና ስዊች ይበቃታል፣ ብትበላሽም የሚሆነው አለመነሳት ብቻ ነው። እየሄደ የሚቆርጥ ግን፣ ደገምኩልህ፣ አይሆንም።

ቦታ ብቻ የሚያሳይ ጂፒኤስ ግጠም፣ የራሱ ባትሪ ያለው፣ ዳሽቦርድ ስር ያልሆነ፣ እዛ ነው መጀመሪያ የሚፈልጉት። ወፍራም ብረት ስር ካደረግከው ሰማይ ስለማያይ ያለበትን አያውቅም፣ ፕላስቲክ ወይ ጨርቅ ስር ይሁን።

ፖሊሱን በተመለከተ ሰው ብዙ ይጠብቃል ወይ ምንም አይጠብቅም፣ ሁለቱም ልክ አይደለም። ፖሊስ የሚሠራው በምትሰጠው ነገር ነው። "ነጭ መኪና ጠፋብኝ" ማለት ምንም አይደለም፣ ነጭ መኪና ሞልቷል። የሻንሲ ቁጥሩን ስጠው፣ አብዛኛው መኪና ላይ 17 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ውስጡ የእንግሊዝኛዎቹ አይ፣ ኦ እና ኪው አይገቡም ከአንድና ከዜሮ ጋር እንዳይምታቱ፣ ስለዚህ ኦ ጽፈህ ከሰጠህ መዝገብ ላይ አይገኝም። ታርጋ በአምስት ደቂቃ ይቀየራል፣ ሻንሲ ግን ኢንተርፖል ድረስ የሚፈለግበት ነው፣ የተሰረቀ መኪና መዝገብ አላቸው። ጂፒኤሱ የሚያሳየውን ነጥብ ከነሰዓቱ ፎቶ አንስተህ ስጣቸው። ነጥቡ በሜትሮች ሊስት ስለሚችልና ፎቅ ስለማይለይ በዛ ብቻ የሰው ቤት ሰብረው ላይገቡ ይችላሉ፣ ሰነፎች ሆነው አይደለም፣ ብዙ ቦታ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። አንተ ግን ብቻህን ወደ ነጥቡ እንዳትሄድ፣ መኪና የሰረቀ ሰው ካቻቪቴ ይዟል፣ ከዛ የባሰም ሊይዝ ይችላል።

ካንተ ደግሞ አንድ የቀረ ሥራ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። መኪናው ሲመለስልህ ከተፈላጊ ዝርዝር መሰረዙን የሚገልጽ ወረቀት ሰጥተውሃል? ካልሰጡህ ዛሬውኑ ሄደህ ጠይቅ፣ አለዚያ የሆነ ኬላ ላይ በራስህ መኪና ሌባ ተብለህ ትወርዳለህ። በዚያው የመስታወቱ ስር፣ የበሩ ምሰሶና ኮፈኑ ውስጥ ያሉትን የሻንሲ ቁጥሮች ከሊብሬው ጋር አስተያይ፣ አራት ቀን ሌላ እጅ ላይ ነበር። የተፋቀ ወይ አዲስ ቀለም የተቀባ ካየህ ሳትነካው ለፖሊስ አሳይ።

ቺፑን ስታወጣው በምን እንደተለጠፈ ፎቶ ላክልኝ። ናስትሮ ካልሆነ ማስቲካ ነው ብዬ ከአሁኑ እወራረዳለሁ።