በመድኃኒት ዕፅዋት ፍቅር ሆሚዮፓቲ ልማር? ለአንዲት ወጣት ፋርማሲስት የተሰጠ የሙያ ምክር

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ፋርማሲ ተምሬ ተመርቄ ደሴ ውስጥ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ሰንሰልና ዳማከሴ ከአያቴ ጓሮ ጠፍቶ አያውቅም፤ የመድኃኒት ዕፅዋት ፍቅር ያደረብኝም ከእሳቸው ነው። አሁን በአንድ ኤጀንሲ በኩል ህንድ ሄጄ በሆሚዮፓቲ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ቢኤችኤምኤስ የሚሉትን፣ እንድማር ዕድል መጥቶልኛል። ሆሚዮፓቲ ኒምን፣ ቱልሲንና አርጁናን የመሳሰሉ የህንድ ዕፅዋትን እንደሚጠቀም ሳነብ ልቤ ተነሣ። ቤተሰቦቼም ወጪውን እንሸፍናለን ብለዋል። ልሂድ ወይ?»

ሰላም እህቴ። ህንድ ሄደሽ መማርሽን በጣም እደግፋለሁ። ቢኤችኤምኤስ መግባትሽን ግን አልመክርሽም። የቤተሰብ ገንዘብና የአንቺ ወጣትነት ያለበት ውሳኔ ስለሆነ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ።

የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። የምትወጂው ዕፅዋቱን ነው፤ በሆሚዮፓቲ ሐኪምነት ወንበር ላይ ተቀምጠሽ በሽተኛ ማየት እንደምትፈልጊ የሚናገር አንድም መስመር አላገኘሁም። ቢኤችኤምኤስ ግን የሚያወጣው ሐኪም ነው። አራት ዓመት ተኩል ትምህርት፣ ከዚያ የአንድ ዓመት የሆስፒታል ልምምድ፣ በድምሩ አምስት ዓመት ተኩል ነው። አምስት ዓመት ፋርማሲ የተማርሽው ልጅ ከአናቶሚ ሀ ሁ ልትጀምሪ ነው። ከሕክምና ትምህርቶቹ ጎን የሚሰጡት ዋነኞቹ የሙያው ትምህርቶች የሆሚዮፓቲ ፍልስፍና፣ የምልክቶች ዝርዝርና መድኃኒትን ከበሽተኛው ጠባይ ጋር የማዛመድ ዘዴ ናቸው። ዕፁን ከነቅርፊቱ፣ ከነኬሚስትሪው የምታጠኚበት ሰዓት ትንሽ ነው።

የህንድ ዕፅዋት ወደ ሆሚዮፓቲ የገቡበትን መንገድ ማወቅ ለውሳኔሽ ይጠቅምሻል። ሆሚዮፓቲ፣ በጤነኛ ሰው ላይ የሕመም ምልክት የሚያመጣ ነገር እጅግ ቀጥኖ ሲሰጥ ያንኑ ምልክት ያለበትን በሽተኛ ያድናል የሚለው የሕክምና ዘዴ፣ የተወለደው ጀርመን ነው፤ ሳሙኤል ሃነማን መሠረተ ሐሳቡን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1796 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ሆኒግበርገር የተባለ ሐኪም ላሆር ላይ የፑንጃቡን ገዥ ራንጂት ሲንግን በዚህ ዘዴ አከመ። ሥር የሰደደው ግን በቤንጋል፣ ካልካታ ላይ ነው፤ በተለይ በዘመናዊ ሕክምና የተማረው ማሄንድራላል ሲርካር እ.ኤ.አ. በ1867 ወደ ሆሚዮፓቲ መዞሩን በይፋ ካስታወቀ በኋላ። የቤንጋል ሐኪሞች ከአውሮፓ በሚመጣው ብልቃጥ ብቻ አልተወሰኑም። አዩርቬዳ በሚባለው የህንድ ጥንታዊ ሕክምናና በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ የታወቁትን ዕፅዋት ወሰዱ፦ ለሕፃናት ጉበትና ትኩሳት የሚሰጠውን ካልሜግን፣ ለሳል የሚሆነውን ቫሳካን፣ ለተቅማጥ ኩርቺን፣ ለስኳር ሕመም የጃሙንን ፍሬ፣ ለልብ የአርጁናን ቅርፊት። በአልኮል ዘፍዝፈው ቲንክቸር አወጡ፣ ለጤነኛ ፈቃደኞች እየሰጡ የተሰማቸውን መዘገቡ፣ በሆሚዮፓቲ መዝገብም አሰፈሩ።

እንግዲህ ካልሜግ ለጉበት፣ ቫሳካ ለሳል የሚለው ዕውቀት ቀድሞ የነበረ ነው። የአዩርቬዳ ሐኪሞችና የመንደር እናቶች ዕውቀት ነው። ሆሚዮፓቲ የጨመረው የራሱን አዘገጃጀትና የራሱን የአሰጣጥ ሕግ ነው። አንቺን የሳበሽ ደግሞ የመጀመሪያው ነው።

አዘገጃጀቱን በፋርማሲስት ዓይን እዪው። ከዕፁ የሚወጣው የመጀመሪያው ፈሳሽ ማዘር ቲንክቸር ይባላል። ከእሱ አንዱን እጅ ከ99 እጅ አልኮል ጋር ቀላቅለሽ በኃይል ትንጪዋለሽ፤ ይህ አንድ ሲ ነው። ከዚያ አንዱን እጅ ወስደሽ እንደገና ከ99 ጋር፤ ሁለት ሲ። ገበያ ላይ በብዛት የምታገኚው 30 ሲ ነው። የአቮጋድሮን ቁጥር፣ በአንድ ሞል ውስጥ ያሉትን ሞለኪውሎች ብዛት፣ ታስታውሻለሽ፤ ከ12ኛው እርከን በኋላ ከመነሻው ዕፅ አንዲት ሞለኪውል እንኳ የመገኘቷ ዕድል እየመነመነ ይሄዳል። 30ኛው ላይ የቀረሽ አልኮል ወይም እሱ የተንጠባጠበበት ነጭ የስኳር ጠጠር ነው። የቱልሲ ሽታም ሆነ የካልሜግ ምሬት በውስጡ የለም።

ይሁንና የህንዶቹ ዕፅዋት ብዙ ጊዜ የሚሰጡት እስከዚያ ድረስ ሳይቀጥኑ ነው። የጃሙን፣ የአርጁና፣ የካልሜግ መድኃኒቶች በብዛት በማዘር ቲንክቸር ይታዘዛሉ፤ በሽተኛው በውሃ ውስጥ ጠብታ ጠብታ አድርጎ ይወስዳል። እዚህ ላይ በርግጥ የዕፁ ንጥረ ነገር አለ። ንጥረ ነገር ካለ ደግሞ የመጠን፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ ከሌላ መድኃኒት ጋር የመጋጨት ጥያቄ ይነሣል። የስኳር ሕመም መድኃኒቱን ሜትፎርሚን የሚወስድ ሰው የጃሙን ጠብታ ቢጨምርበት ምን ይሆናል? ኢንሱሊኑን ጥሎ በጠብታው ብቻ ቢተማመንስ? ይህን ጠይቆ በላቦራቶሪ መልስ የሚፈልግ ሰው ያስፈልጋል፤ የአንቺ ትምህርት ያዘጋጀሽም ለዚህ ነው።

ስለ ማስረጃው ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 የነበሩትን ጥናቶች መርምሮ፣ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራ አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም ሕመም አላገኘሁም ብሏል። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2017 ሐኪሞቹ እንዳያዙት መክሯል፤ ፈረንሳይም ከ2021 ጀምሮ በመድን መሸፈኑን አቁማለች። በህንድ ግን በሕግ የታወቀ ሙያ ነው። ከ2 መቶ ሺህ በላይ የተመዘገቡ ባለሙያዎች አሉት፤ የራሱ ኮሌጆች፣ ሆስፒታሎችና የመንግሥት ምርምር ምክር ቤትም አለው። እዚያ ብዙ ቅን ሰዎች ይሠራሉ፣ ሕዝቡም ያምናቸዋል። ይህን የማነሣው ህንድ ውስጥ የምታዪው ክብርና ብዛት የማስረጃውን ጥያቄ እንዳያስረሳሽ ነው።

አሁን ወደ ራውልፊያ ልውሰድሽ፤ የህንዱ ሳርፓጋንዳ ማለቴ ነው። ዕፁ ከጥንት ጀምሮ በአገሬው ሕክምና ይታወቃል፤ በሆሚዮፓቲም መዝገብ ላይ አለ። በሌላ በኩል ሳሊሙዛማን ሲዲቂ የተባለው ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1931 ዴልሂ ላይ ከሥሩ ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣና በታላቁ ሐኪም በአጅማል ካን ስም አጅማሊን አለው፤ ኋላ ለልብ ምት መዛባት መድኃኒት ሆነ። የቦምቤው የልብ ሐኪም ሩስተም ጃል ቫኪል በ1949 ዕፁ የደም ግፊትን እንደሚያወርድ በእንግሊዝ የልብ ሕክምና መጽሔት ላይ አሳተመ። በ1952 ደግሞ የስዊስ ኬሚስቶች ከዚሁ ዕፅ የደም ግፊት የሚያወርደውን ሬሰርፒንን አወጡ። ዓለምን የለወጠው ይህ መንገድ ነው፤ የኬሚስቱና የመጠኑ መንገድ። ቫሳካም እንደዚሁ፤ በውስጡ ካለው ቫሲሲን ተነሥተው ነው ብሮምሄክሲንን የሠሩት። ለሳል ብሮምሄክሲን ስትሰጪ የህንድ ቁጥቋጦ ልጅ ነው የምትሰጪው። የአያትሽ ሰንሰል ደግሞ ጀስቲሺያ ሺምፔሪያና ነው፤ ከቫሳካ ጋር አንድ ወገን። ዳማከሴም የቱልሲ ዘመድ ነው፤ ሁለቱም ኦሲመም ከሚባለው የዕፅ ወገን ናቸው። ይህን ሳስብ እኔም ልቤ ይነሣል።

የዕፅ ሳይንስ የዕለት ሥራ ምን እንደሚመስል አንድ ምሳሌ ልጨምር። አሾካ የሚባል ዛፍ አለ፤ ቅርፊቱ ለሴቶች ሕመም በአዩርቬዳም በሆሚዮፓቲም ይሰጣል። ዛፉ እየተመናመነ ስለሄደ ነጋዴዎች በመንገድ ዳር በሚተከለው፣ ሐሰተኛው አሾካ በሚባለው የፖሊያልቲያ ዛፍ ቅርፊት ይተኩታል። ደርቆ ከተፈጨ በዓይን አትለዪውም። ፋርማኮግኖሲስቷ፣ ማለትም የመድኃኒት ዕፅዋትን በሳይንስ የምታጠናዋ ባለሙያ፣ ከቅርፊቱ ስስ ቁራጭ ቆርጣ በማይክሮስኮፕ ታያለች፣ ሴሎቹንና ክሪስታሎቹን ከትክክለኛው ናሙና ጋር ታስተያያለች፣ ከዚያም ንጥረ ነገሮችን ለያይቶ በሚያሳየው በክሮማቶግራፊ ጠፍጣፋ ላይ የሚወጡትን ነጠብጣቦች ታነጻጽራለች። የሆሚዮፓቲ ፋብሪካም ቢሆን ያለዚህች ሴት አይሠራም። በጋዚያባድ ያለው የመንግሥት ላቦራቶሪ የሚያወጣው የጥራት መለኪያ፣ በኒልጊሪ ተራሮች ኤመራልድ በተባለው ቦታ ለሆሚዮፓቲ ዕፅዋት የሚሰበሰቡበትና የሚለሙበት ማዕከል፣ ሁሉም የዕፅ ሳይንስ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ። ስለዚህ በህንድ ዕፅዋትና በሆሚዮፓቲ መካከል ያለውን ቦታ እንኳ ብትፈልጊ፣ በዚህ በር ብትገቢ ይሻልሻል።

ስለዚህ የምመክርሽ በፋርማኮግኖሲ ማስተርስ ነው። ህንድ ውስጥ ሁለት ዓመት ይፈጃል። ኒው ዴልሂ ያለው ጃሚያ ሃምዳርድ እና ሞሃሊ ያለው ብሔራዊ የፋርማሲ ትምህርትና ምርምር ተቋም በዚህ ዘርፍ ይታወቃሉ። ሉክናው ከተማም የመድኃኒትና የመዓዛ ዕፅዋት ማዕከላዊ ተቋም አለ፤ ለምርምር ልምምድ እጅግ ጥሩ ቦታ ነው። የህንድ መንግሥት በባህል ግንኙነት ምክር ቤቱ በኩል ለውጭ ተማሪዎች የነፃ ትምህርት ዕድል ይሰጣል። አዲስ አበባ ወዳለው ኤምባሲ ሄደሽ የፋርማሲ ማስተርስን ያካትት እንደሆነ ጠይቂ። የቤተሰብሽ ገንዘብ ሊተርፍ ይችላል። ሳትወጪ መማር ብትፈልጊም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ዘርፉ አለ። ስትጨርሺ የምትሄጂባቸው በሮች እዚሁ አሉ፤ አርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም፣ የመዓዛና የመድኃኒት ዕፅዋትን የሚያጠናው የወንዶ ገነት ግብርና ምርምር ማዕከል፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ ዩኒቨርሲቲዎቹም።

ይህን ሁሉ አንብበሽ አሁንም ልብሽ ወደ ቢኤችኤምኤስ ካዘነበለ፣ በተለይም ህንድ ውስጥ ኖሬ ልሠራ ካልሽ፣ መብትሽ ነው። ግን ለኤጀንሲው አንድ ብር ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ያዢ። ኮሌጁ በህንድ ብሔራዊ የሆሚዮፓቲ ኮሚሽን የታወቀ ስለመሆኑ ማረጋገጫ፤ ዲግሪው እዚህ የአቻ ግምት ያገኝ እንደሆነ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፤ በዲግሪው የሙያ ፈቃድ ይሰጥ እንደሆነ ከጤና ሚኒስቴር። ኤጀንሲው «ችግር የለውም» ቢልሽ ቃሉን አትቀበዪው። አምስት ዓመት ተኩል ደክመሽ መጥተሽ የሙያ ፈቃድ ብታጪ ጉዳቱን የምትሸከሚው አንቺና ቤተሰብሽ ናችሁ።

ከዚህ ተለይቶ ዛሬውኑ ልትጀምሪው የምትችይው ሥራ አለ። አያትሽን አስፈቅደሽ የሚያውቁትን ጻፊ፦ የቱን ክፍል፣ በምን ወቅት፣ በምን መጠን፣ ለማን እንደማይሰጥ ጭምር። ከእያንዳንዱ ዕፅ አበባ ያለውን ቅርንጫፍ በጋዜጣ መሐል አድርቀሽ ያዢ፤ አዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም፣ የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻው፣ ትክክለኛ የሳይንስ ስሙን ለማረጋገጥ ይረዳሻል። የእሳቸው ዕውቀት የማኅበረሰብ ሀብት መሆኑንም አትርሺ፤ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የሚጠብቀው ይህንኑ ነው። ህንዶች የኒምና የእርድ ፓተንቶችን በክርክር ያስሰረዙት ዕውቀቱ በሕዝባቸው ዘንድ ቀድሞ የነበረ መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ስለቻሉ ነው። ስለዚህ ናሙናም ሆነ ማስታወሻ ወደ ውጭ ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቂ፤ በምትጽፊው ሁሉ ላይም የአያትሽን ስም፣ እሳቸው ከፈቀዱ፣ አስቀምጪ።

ለማስተርስ ስታመለክቺ የምርምር ሐሳብ ይጠይቁሻል። ሰንሰልንና ቫሳካን አነጻጽረሽ አንድ ገጽ ጻፊና ላኪልኝ፤ አይቼ አስተያየቴን እሰጥሻለሁ።