ወሬ ስለሚበዛባቸው የወንጀል ልቦለዶች፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። «ገጹ ሁሉ ምልልስ ነው፣ አልያዝ አለኝ» ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አብዛኛውን ምሳሌ የማመጣው በ1970 እ.ኤ.አ. ከታተመው የጆርጅ ሂጊንስ «የኤዲ ኮይል ወዳጆች» ነው። የቦስተን ወንበዴዎች ታሪክ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በወሬ የተሠራ።

ጥያቄ፦ ማን ከማን ጋር እንደሚያወራ ጠፋኝ። ችግሩ የኔ ነው?

አይደለም። ሂጊንስ ሰዎቹን አያስተዋውቅም፤ ኮይልን ራሱን መጀመሪያ ላይ «ደንዳናው ሰውዬ» እያለ ነው የሚያልፈው። ስም ለመያዝ አትድከም። «እዚህ ማን ምን ፈልጎ መጣ?» ብለህ ጠይቅ። ሻጩና ገዢው ከተለዩህ ድምፃቸውም ይለይልሃል። አንዱን ምዕራፍ ደግሞ በአንድ ቁጭታ ጨርሰው።

ጥያቄ፦ ደራሲው ሰዎቹ የሚያስቡትን ለምን አይነግረንም?

የዚህ ዓይነቱ ልቦለድ ጉልበት እዚህ ላይ ነው። ሂጊንስ ጋዜጠኛ ነበር፣ በኋላም በማሳቹሴትስ ዐቃቤ ሕግ። ዐቃቤ ሕግ ሰው ልብ ውስጥ መግባት አይችልም፤ የሚመዝነው የተባለውን ነው። እኛንም እንደዚያው መዝኑ ይለናል።

የመጀመሪያውን ምዕራፍ እዩት። የ26 ዓመቱ ሽጉጥ ሻጭ ጃኪ ብራውን ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ ሽጉጥ ማምጣት እንደሚችል ይናገራል። ኮይል ግን ስለ ገዛ እጁ ያወራለታል። ከዚህ በፊት ያቀበለው መሣሪያ ምንጩ ተደርሶበት ሰው ታሰረ። ከዚያ የታሳሪው ወዳጆች መጡና ኮይልን እጁን መሳቢያ ውስጥ እንዲያስገባ አዘዙት፤ መሳቢያውን በእርግጫ ዘጉበት። የሚተርከው ተረጋግቶ ነው፣ ሰዎቹን እንኳ አይወቅስም። ላይ ላዩን ትዝታ ይመስላል፤ ለብራውን ግን ማስጠንቀቂያ ነው፦ የምታመጣው ዕቃ ጣጣ ካለው አልለቅህም። በዚያው አፉ ደግሞ የራሱን ፍርሃት ያሳብቃል። ደራሲው «ኮይል ፈርቷል» ብሎ ቢገላገል ኖሮ ዛቻው ይቀርብን ነበር።

ጥያቄ፦ ኮይል ጠቋሚ ነው ወይስ አይደለም? መጨረሻውን ሳትነግረኝ መልስልኝ።

እሺ፣ አልነካውም። ኮይል በኒው ሃምፕሻየር የተሰረቀ መጠጥ በጭነት መኪና ሲያጓጉዝ ተይዞ ቅጣቱን የሚጠብቅ ሰው ነው። ከፌዴራል ወኪሉ ከፎሊ ጋር ሲነጋገር ይህን አትርሺ። ትንሽ ሰጥቶ ብዙ ለማግኘት እንዴት እንደሚጣጣር ተከታተዪ። እሱ በሌለበት ሌሎቹ የሚያወሩትንም አትዝለይ።

ጥያቄ፦ ፊልሙን ላስቀድም?

መጽሐፉን አስቀድም። የ1973ቱ ፊልም ግሩም ነው፣ ግን ኮይልን ሆኖ የሚተውነውን ሮበርት ሚቸምን አንዴ ከሰማኸው ኮይልን በሌላ ድምፅ ማሰብ ይከብድሃል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛዬ መካከለኛ ነው፤ ከየት ልጀምር?

እርስዎ ከኤልሞር ሌናርድ ይጀምሩ። ከሂጊንስ ብዙ የተማረ ደራሲ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አጭርና ጥርት ያለ ነው። በ2001 ባወጣቸው የአጻጻፍ ደንቦቹ ላይ ምልልስን ከ«አለ» በቀር በሌላ ግሥ አታጅቡ ብሏል፤ «አጉረመረመ»፣ «አስጠነቀቀ» የሚባል ነገር የለም። ንግግሩ ራሱ ካላጉረመረመ ግሡ አያድነውም። ወደ ሂጊንስ ሲሻገሩ ጮክ ብለው ያንብቡ፤ የቦስተን ሰፈር አነጋገር ከዓይን ይልቅ ለጆሮ ይቀላል።

ጥያቄ፦ በአማርኛ እንዲህ ልጽፍ እየሞከርኩ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

ደላላና ገዢ ሲነጋገሩ ቁጭ ብለህ አዳምጥ፤ ዋናው ጉዳይ ስንት ዙር ከሄዱ በኋላ እንደሚነሳ ታያለህ። ከዚያ ረቂቅህን አውጣ። «እንደምታውቀው ወንድምህ ዓምና ታስሯል» የሚል ሰው ካለህ ሰርዘው፤ ሁለቱም የሚያውቁትን ለአንባቢ ብሎ የሚናገር የለም። «አሁንም ስንቅ የምታመላልሰው እናትህ ናት?» ብሎ ቢጠይቀው ግን መታሰሩም ይገባናል፣ ጠያቂው እናትየውን ሲከታተል መክረሙም ይገባናል።