ጆኒ የሚባለው ሰው የምር ነበረ እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ ጊታር መማር ከጀመርኩ አንድ አመት ሆነኝ። የሮክ ኤንድ ሮሉን ጊታሪስት የቸክ ቤሪን «ጆኒ ቢ ጉድ» ልምታ ብዬ ስሞክር ቁልፉ (ዘፈኑ የቆመበት ድምፅ) ቢ ፍላት ነው፣ ለጣት አይመችም። ለምን እንደዛ አረገው? ደሞ ጆኒ የሚባለው ሰው የምር ነበረ እንዴ?

መልስ፦ በከፊል ነበረ! ሁለቱም ጥያቄህ የሚወስዱን ወደ አንድ ሰው ነው፣ ለዘፈኑ መነሻ ወደሆነው ፒያኒስት ጆኒ ጆንሰን።

በፈረንጆቹ የ1953 አዲስ አመት ዋዜማ ጆንሰን አሜሪካ፣ ኢስት ሴንት ሉዊስ ከተማ፣ ኮስሞፖሊታን ክለብ ሊጫወት ሲል ሳክስፎኒስቱ ታመመበት፣ በዛ ምሽት ስራ ያልያዘ ሙዚቀኛ ከየት ይገኛል፣ ብቻ ቸክ ቤሪን ጠራው። ለአንድ ማታ ማሟያ የመጣው የ26 አመት ልጅ ቀስ በቀስ የባንዱ መሪ ሆነ፣ በ1955 የብሉዝ ዘፋኙ ሙዲ ዎተርስ የቼስ ሙዚቃ አሳታሚ ባለቤት ሊዮናርድ ቼስ ጋ ሂድ ብሎት ቺካጎ ላይ «ሜይቤሊን» የሚለውን ዘፈን ሲቀዱም ፒያኖው ላይ ጆንሰን ነበር።

ቁልፉን በተመለከተ፣ ጊታሪስት ብቻውን ዘፈን ሲሰራ ኢ ወይ ኤ ነው የሚቀናው፣ ክፍት ክሮቹ (በጣት ሳይጫን የሚመቱት) ያግዙታላ። ቢ ፍላትና ኢ ፍላት የፒያኖና የሳክስፎን ሰዎች ቤት ናቸው፣ ይሄን የሮሊንግ ስቶንሱ ጊታሪስት ኪዝ ሪቻርድስም አንስቶታል። ግን ሁሉንም ለጆንሰን መስጠትም ልክ አይመስለኝም፣ ግጥሙ የቸክ ነው፣ «ጉድ» የሚለውም የተወለደበት መንገድ ስም ነው፣ የጊታር መግቢያው ደሞ ጊታሪስቱ ካርል ሆጋን በ1946 ከዘፋኙ ሉዊስ ጆርዳን ጋር ከመታው የመጣ ነው።

የሚያሳዝነኝ ጆንሰን በኋላ ሴንት ሉዊስ ውስጥ አዛውንቶችን የሚያመላልስ አውቶብስ ይነዳ ነበር። በ2000 ዘፈኖቹን አብሬ ሰርቻለሁ ብሎ ቸክን ከሰሰ፣ በ2002 ጉዳዩ ጊዜው አልፏል ተብሎ በይርጋ ተዘጋ፣ ማለትም እውነት ነው ሀሰት ነው ሳይባል። በ2005 አረፈ፣ ቸክ በ2017፣ በ90 አመቱ።

አሁን ጊታርህን አንሳ። ጠቋሚ ጣትህን ወፍራሙ ክር 6ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው ክፍል) ላይ አርግ፣ የቀለበት ጣትህን ከሱ ቀጥሎ ባለው ክር 8ኛው ላይ፣ ከዛ ትንሿን ጣት እዛው ክር ላይ 10ኛው ድረስ እየዘረጋህ መልስ፣ መጀመሪያ ያማል፣ ቀስ በል። ያ የምትሰማው «ዱም ዱም» የቡጊ ውጊ (ፈጣን የብሉዝ ፒያኖ አጨዋወት) ፒያኒስት ግራ እጅ ነው።