ሳይክሎኑ ሰንዳፋ ይደርሳል ወይ?

ሰሞኑን አንድ የድሮ የሳይክሎን የሳተላይት ምስል «ነገ አዲስ አበባ!» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት በየስልኩ ሲዞር ከረመ። ጥያቄዎቻችሁም ከዚያው የተነሱ ናቸው።

«ጋሼ፣ አባቴ ጤፉን አጭዶ ከምሯል። ሶማሊያ ላይ ሳይክሎን እየመጣ ነው ይላሉ። ሸራ ልግዛ?» (ከሰንዳፋ)

ነፋሱ እናንተ ጋ አይደርስም። ሳይክሎን ባሕር ላይ የሚነሳ፣ እየተሽከረከረ የሚጓዝ ብርቱ የነፋስና የዝናብ ማዕበል ነው፤ ነዳጁም የሞቀ ባሕር ነው። ውኃው 26.5 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት። የብስ ሲረግጥ ነዳጁ ይቋረጥበታል፤ ተራራ ሲገጥመውማ ይበታተናል።

ዝናቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ አድርጎ ወደ ምዕራብ መጣ። ሶማሌላንድ ላይ የብስ ሲረግጥ ነፋሱ ዛለ። ዝናቡ ግን ጅቡቲን አጥለቅልቆ እኛው ሶማሌ ክልል ድረስ ዘለቀ። ከዚያ ሰንዳፋ ገና ሩቅ ነው።

ስለዚህ ለሳይክሎኑ ብለህ ሸራ አትግዛ። የኅዳር ዝናብ ያለወቅቱ ለመምጣት ሳይክሎን አያስፈልገውምና፣ ለእሱ ብለህ ግዛ። ስትሸፍን ታዲያ ከታች ክፍት ተውለት። አንድ ዓመት እኛ ቤት እስከ መሬት ጥፍንግ አድርገን አስረነው፣ ስንገልጠው የሻጋታው ሽታ ከአውድማው አባረረን።

«የሳይክሎን ትንበያ ካርታው ላይ እንደ ጥሩምባ አፉ እየሰፋ የሚሄደው ምንድን ነው? ማዕበሉ እየገዘፈ ነው?» (ከጣፎ)

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚሰፋው የትንበያው ጥርጣሬ ነው። የማዕበሉ መሐል ነገ የት እንደሚሆን በደንብ ይታወቃል፤ ከአራት ቀን በኋላ ግን ግምቱ ይላላል። ዝናቡና ነፋሱ ደግሞ ከጥሩምባው ውጭም ይደርሳሉ። ስለዚህ መሐሉ ላይ በተሰመረው መስመር ብቻ አይን አይተከልም።

ባለሙያዎቹ የስሌቱን መነሻ ትንሽ ትንሽ እየቀያየሩ ኮምፒውተሩን ደጋግመው ያስሰሉታል። የሚወጡት መንገዶች ተቀራርበው ከሄዱ ልባቸው ይረጋል። ገበያ እንደተፈታ ሰው በየአቅጣጫው ከተበተኑ ግን እነሱም ይፈራሉ።

«መንገዱን ካወቁ ጉልበቱን ለምን ይስታሉ?» (ከዚያው ከጣፎ)

መገናኛ ላይ ረዳቱ «ጣፎ! ጣፎ!» ሲል ወዴት እንደምትሄዱ ታውቃላችሁ። ሾፌሩ በስንት እንደሚነዳ ግን ማን ያውቃል? ሳይክሎኑን የሚገፉት በዙሪያው ያሉ ሰፋፊ ነፋሳት ናቸው፤ ኮምፒውተሩ እነሱን አጥርቶ ያያል። ጉልበቱ ግን የሚወሰነው ዓይኑ (የማዕበሉ መሐል) አጠገብ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ነው።

ጋቲ የተባለውን ሳይክሎን ውሰዱ። ኅዳር 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ሶማሊያ፣ ሐፉን አካባቢ የገባው ነው። በ12 ሰዓት ውስጥ የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ65 ወደ 185 ኪሎ ሜትር ገደማ ዘለለ። በዚህ ባሕር ላይ እንደ አሜሪካ ማዕበሉ ውስጥ እየገባ የሚለካ አውሮፕላን አይመላለስም። የሳተላይት ምስል ላይ የደመናውን ቅርጽ አይቶ መገመት ነው።

«ታዲያ ማንን እንመን?» (ከሰበታ)

ለዓረቢያ ባሕርና ለኤደን ባሕረ ሰላጤ ኒው ዴልሂ ያለውን የሕንድ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት። ለአገር ቤት የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩትን። ቲክቶክ ላይ የሚጮኸውን ልጅ አይደለም።

«በልግ ሲቀር ሳይክሎን ወሰደው ይባላል። ወሬ ነው?» (ከቱሉ ዲምቱ)

ወሬ አይደለም። ማዳጋስካር አካባቢ ሳይክሎን በበዛበት ዓመት እርጥበቱ ወደዚያ ይሳብና የእኛ በልግ ይሳሳል። በልግ የሚቀርበት ምክንያት ግን እሱ ብቻ አይደለም።

ነገሩ በዝናብም አያበቃም። መኩኑ እና ሉባን የተባሉት ሳይክሎኖች በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. የዓረቢያን በረሃ አረጠቡት። እርጥቡ አሸዋ ውስጥ አንበጣ ተፈለፈለ፣ ሰው በማያየው ቦታ ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። በ2012 ማሳችን ላይ የሰፈረው መንጋ ትልቁ መነሻው እሱ ነበር።