ጂኑን ማስገባቱ ቀላሉ ነው

ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ባዮቴክኖሎጂ የምትማሩ ልጆች ባገኘኋችሁ ቁጥር የምትጠይቁኝ መድኃኒት የሚሆን ፕሮቲን እንዲሠራ ሴል ውስጥ ስለሚገባው ጂን ነው። የትኛው ቬክተር፣ ማለት ጂኑን ተሸክሞ ሴል ውስጥ የሚያስገባው፣ ይሻላል? እንዴት ይገባል? ጥያቄው ክፋት የለውም። ግን ጂን ማስገባት የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ሙያው ሴሉን በጤና ማኖር ላይ ነው።

መጀመሪያ ፕሮቲኑን እወቁት። ኢንሱሊን ትንሽ ነው፤ የስኳር ሰንሰለትም የለበትም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካ የተፈቀደው የሰው ኢንሱሊን ኢ ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ተሠራ። ኤሪትሮፖየቲን ግን ሌላ ነው። ቀይ የደም ሴል እንዲመረት የሚያዘው ይህ ሆርሞን የስኳር ሰንሰለቶቹ ከሌሉት ደም ውስጥ አይቆይም። ተራ ኢ ኮላይ እነዚህን አይሠራለትም። የቻይና ሃምስተር ከምትባል አይጥ መሰል እንስሳ ኦቫሪ (የእንቁላል ዕጢ) የተገኘው፣ ቾ የሚባለው ሴል ግን ይሠራል። ባክቴሪያ ርካሽ ነው ብላችሁ የማይችለውን አትጫኑበት።

ጠዋት ላቦራቶሪ ስትገቡ ሴሉ ያለበትን ፍላስክ ብርሃን ላይ አንሱት። ፌኖል ሬድ (በአሲዱ መጠን ቀለሙን የሚቀይር ማቅለሚያ) ያለበት ሚዲየም፣ ማለት ሴሉ የሚያድግበት ፈሳሽ፣ ቀላ ካለ ደህና ነው። ቢጫ ከሆነ አሲድ በዝቷል፤ ወይ ሴሉ ሞልቷል፣ ወይ ባክቴሪያ ገብቷል። ወደ ሐምራዊ ከሄደ አሲዱ ቀንሷል፤ ጋዙ አልቆ እንደሆነ የካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሲሊንደር እዩ። ከዚያ ማይክሮስኮፕ። ተለጣፊው ቾ ደህና ሲሆን ፍላስኩ ላይ ተዘርግቶ ታገኙታላችሁ። ድቡልቡል ብለው የሚንሳፈፉት ከበዙ የዕለቱ እቅድ ይቅር።

ማይኮፕላዝማ የሚባለው በጣም ትንሽ ባክቴሪያ ግን ሌባ ነው። ሚዲየሙን አያደፈርስም። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም። የሴል ግድግዳ ስለሌለው ፔኒሲሊን አይነካውም። ምርቱ ይወርዳል፣ እናንተ ጂኑን ትወቅሳላችሁ! በየጊዜው በፒሲአር፣ ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳየው ምርመራ፣ ፈትሹ። አዲስ የመጣ ሴል እስኪፈተሽ ለብቻው ይቀመጥ፤ የሰጣችሁ ወዳጅም ቢሆን። ይሉኝታ እዚህ ቤት አይሠራም።

መብራት ይሄዳል፤ ያው ታውቁታላችሁ። ያኔ ኢንኩቤተሩን፣ ሴሉን በሙቀት የሚያኖረውን ሣጥን፣ ለማየት ብላችሁ አትክፈቱት፤ ሙቀቱን የያዘው በሩ ነው። ዋናው መድን ግን ሴሉ ገና ብዙ ዙር ሳይባዛ በትናንሽ ቱቦ ከፋፍሎ ማቀዝቀዝ ነው። −196 ዲግሪ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን መብራት አይጠይቅም። የከብት አዳቃዩ የኮርማ ዘር ይዞበት ገጠር ለገጠር የሚዞረው ያው ነው። ስለሚተን ግን መሙላት አትርሱ። ቱቦው ላይ የሴሉን ስም፣ ቀኑን፣ ስንተኛ ዙር እንደሆነ ጻፉ። «አስታውሰዋለሁ» የሚል ሰው ላቦራቶሪ ውስጥ አልወድም። ሁሉንም አንድ ታንክ ውስጥ አትክተቱት፤ ግማሹ ባሕር ዳር፣ ግማሹ ደብረ ማርቆስ ቢቀመጥማ እሰየው ነበር።